የጠቆረው ነው ደህናው

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው የምጽፍልዎ። አያቴ (እኛ ‹አኮ› ነበር የምንላት) ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ሣጥኗን ስንከፍት በነጭ ጨርቅ የተቋጠሩ ሦስት ሳንቲሞች አገኘን። አንዱ ጠገራ ብር ነው፣ ጥቁር ብሏል። አንዱ የምኒልክ ብር ነው፣ ታናሽ ወንድሜ በሎሚና በአመድ አሽቶት አሁን መስታወት መስሏል። ሦስተኛው የጃንሆይ ቀይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ዙሪያውን ግን አንድ ሰው በመቀስ የቆረጠው ይመስል አበባ አበባ ሆኗል። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ፎቶውን በቴሌግራም አየና ‹ምኒልኩ ዩኤንሲ ነው፣ በማንም እንዳትሸወጂ፣ ውጭ ልኬ ደረጃ አሰጥልሻለሁ› አለኝ። ሄርማታ ያለ ነጋዴ ደግሞ ሦስቱንም አገላብጦ ‹በሚዛን ልግዛሽ› አለኝ። ማንን ልመን? ጠገራውንስ ወንድሜ ያጽዳው?
ግራ የገባኝ፣ ከፈረንጅ አራዳ»

ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ጠገራውን ከወንድምሽ አርቀሽ አስቀምጪው። ሎሚውንም ደብቂበት። የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን።

የላክሽልኝን ስድስት ፎቶ ሦስት ቀን ስመላለስበት ከረምኩ። ቡና ይዤ አየሁት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ አየሁት። የምነግርሽ ነገር ትንሽ ሊያናድድሽ ይችላል። ያፈርሽበት ጥቁሩ ጠገራ ከሦስቱ ጤነኛው ነው። በኩራት የላክሽው የሚያበራው ምኒልክ ደግሞ የተጎዳው ነው። የአጎትሽ ልጅ ተሳስቷል። ነጋዴውም የነገረሽ ግማሹን ነው።

በአጎትሽ ልጅ አልፈርድም። በስልክ ፎቶ ላይ የሚያበራ ነገር ሁሉ አዲስ ይመስላል። ዩኤንሲ ማለት ግን ያበራል ማለት አይደለም። ገበያ ያልወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ያልተበላ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ይህንን ከ1 እስከ 70 በሚሄድ ቁጥር ይለኩታል። ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 በፈረንጆች አቆጣጠር ለአገሩ አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው መለኪያ ነው፣ ኋላ ሌላውም ዓለም ወሰደው። 60 እና ከዚያ በላይ ያለው ምንም አልተበላም። 40 ላይ ያለው ጫፍ ጫፉ ብቻ ተነክቷል። 20 ላይ በደንብ ተበልቷል፣ ግን ዋና ዋናው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ 12፣ 8፣ 4 እያለ ሲወርድ ፊቱ ጥላ ብቻ እየሆነ ይሄዳል፣ 1 ላይ ሲደርስ ‹ይሄ የእንትና ሳንቲም ነው› ከማለት ሌላ የሚባል ነገር የለም። የእኛ አገር ሰብሳቢዎች ቁጥሩን ትተው ፋይን፣ ቬሪ ፋይን፣ ኤክስትራ ፋይን ሲሉ ትሰሚያለሽ። ያው ነው። ከታች ወደ ላይ ነው አወጣጡ፣ እና ‹ፋይን› ሲሉሽ ጥሩ ማለታቸው እንዳይመስልሽ፣ በዚህ ገበያ ፋይን ማለት በጣም የተበላ ማለት ነው።

አሁን አንቺው ራስሽ እንድታዪው ላድርግሽ። መብራት ሁሉ አጥፊና አንድ ብቻ ተዪ፣ ወይም ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁጭ በይ። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፊ፣ ቢወድቅም አይጎዳም። ሳንቲሙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘሽ አንሺው፣ ፊቱን እንዳትነኪ። ከዚያ ቀስ እያልሽ ወዲያና ወዲህ አዘንብዪው። ያልተበላ ሳንቲም ላይ ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጉ ሁለት የብርሃን ሰንበሮች ታያለሽ፣ ባዘነበልሽው ቁጥር አብረውሽ ይዞራሉ። ሳንቲሙ ሲመታ ብሩ በግፊት ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ ሲሸሽም በዓይን የማይታዩ ደቃቅ መስመሮችን ትቶ ያልፋል፣ ብርሃኑ የሚጫወተው እነሱ ላይ ነው። አንዴ ከታሹ አይመለሱም። ያኔ ሳንቲሙ እንደታጠበ የሻይ ማንኪያ ሁለመናው በአንዴ ቦግ ይላል፣ ሲዘነብል ደግሞ በአንዴ ይጠፋል።

የአንቺ ምኒልክ ማንኪያ ነው። ሦስተኛውን ፎቶ አስፊው። በቀኝ በኩል፣ ከፊቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው ታያለሽ። ጉንጩ ላይም ያልፋሉ፣ ጺሙ ላይም ያልፋሉ። በኪስ ውስጥ የመጣ ጭረት እንዲህ ተሰልፎ አይመጣም፣ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ ነው። ይሄ የአመዱ ነው። ሎሚው ደግሞ በፊደሎቹ መሃል የነበረውን ጥቁር ጠርጎ ወስዶታል፣ ለዚህ ነው ጽሑፉ ከሜዳው ጋር አንድ ቀለም ሆኖ ለማንበብ ያስቸገረሽ።

ወንድምሽን እንዳትቆጪው። እኔም አድርጌዋለሁ። ልጅ ሆኜ ሐሙስ ገበያ ከአንዲት እናት አንድ የምኒልክ ብር ገዛሁ፣ ያኔ ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ቤት ስገባ በአሸዋና በአመድ ግማሽ ቀን ሙሉ አሸሁት። ድስት የማጥብ ነው የሚመስለው። ሌሊት ትራሴ ሥር አድርጌው አደርኩ። ዓመታት አልፈው አዲስ አበባ አንድ ሳንቲም አዋቂ ፊት ሳስቀምጠው ሰውየው አንስቶ አንዴ አዘነበለውና፣ ሦስት ሰከንድ እንኳ አልሞላም፣ ወደ እኔ ገፋው። ዋጋ እንኳ አልጠራም። ‹ማን አጠበው?› ብቻ አለኝ።

ከብልጭታው ቀጥሎ የምታዪው ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ነው። ሳንቲም ሲዞር መጀመሪያ የሚበላው የጎበጠው ነው፣ ጎድጓዳው እስከ መጨረሻው ይቆያል። ስለዚህ ሙሉ ፊቱን በአንድ ዓይን ገርፈሽ ‹ጥሩ ነው› አትበዪ። ምኒልክ ላይ ጉንጩን፣ ጺሙንና የዘውዱን ጌጥ እዪ። ገልብጪውና አንበሳው ላይ ጎፈሩንና ታፋውን እዪ። የአንቺው ጉንጩ ለጥ ብሏል፣ ጺሙ በጠርዙ በኩል ብቻ ነው መስመር ያለው፣ የአንበሳው ጎፈር ግን አሁንም ክር ክር እያለ ይለያል። ሳይታጠብ ቢሆን ቬሪ ፋይን እለው ነበር፣ 20 እና 25 መሃል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ የአጎትሽም ልጅ ያላየው፣ ነጋዴው አይቶ ዝም ያለው። የምኒልኩ አናት ላይ፣ ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ በማጉያ መነጽር እዪው። ግራጫ ነገር የጠገበ ይመስላል፣ ብርሃን ሲመታው ከሌላው ብር ጋር አንድ ዓይነት አያበራም፣ እዚያ ቦታ ያሉት ፊደሎችም ሥራቸው የተደፈነ ነው። ይሄ ብየዳ ነው። አንጥረኛ ቀለበት በይዶለት አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር፣ ኋላ ቀለበቱ ወልቆ ወይ ተቆርጦ ቦታው በሞረድ ተስተካክሏል። በእኛ አገር አሮጌ ብር ላይ ከማየው ጉዳት ሁሉ አንደኛው ይሄ ነው። ለሰብሳቢ ትልቅ ጉድለት ነው። ለአንቺ ግን አላውቅም፣ የአኮ የወጣትነት ፎቶ ካለ አውጪና አንገቷን እዪ።

የተበየደና የታሸ ሳንቲም ውጭ አገር ልኮ ደረጃ ማሰጠት ገንዘብ ማባከን ነው። ፒሲጂኤስም ሆነ ኤንጂሲ (ሁለቱም አሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ናቸው፣ ሳንቲሙን መርምረው በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል) እንዲህ ያለውን ‹ዲቴይልስ› ብለው ነው የሚመልሱት። ቅርጹ ይህን ያህል ቀርቷል፣ ግን ታጥቧል፣ ግን ተበይዷል ማለታቸው ነው፣ ቁጥር አይሰጡትም። ደግሞስ እንዴት ነው የሚልከው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አሮጌ ብር ሻንጣ ጥግ ወሽቆ አውሮፕላን ጣቢያ መቆም አያስፈልግም። የአጎትሽ ልጅ የግድ ካለ መጀመሪያ የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ፣ የሚሉትን በወረቀት ይያዝ።

ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ ፎቶሽ ላይ ፲፰፻፹፱ ይላል፣ 1889 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቺ፣ ብዙ ሰው የፈረንጅ እየመሰለው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ የአንቺ ብር የቀጣዩ ዓመት ነው። የተመታው ፓሪስ ነው። የመጀመሪያው የምኒልክ ብር የ1887 ነበር። ንጉሡ የራሳቸውን ፊት ያለበት ብር አሠርተው አመጡ፣ ሰዉ ግን እንዲያ በቀላሉ ከጠገራው አልላቀቅ አለ። ክብደቱም የታሰበበት ነው፣ ሁለቱም ወደ 28 ግራም ናቸው፣ ሚዛን ላይ ብታስቀምጫቸው አትለያቸውም። ገበሬው ግን ይለያቸው ነበር፣ የሚያውቃት ሴትዮዋን ነውና።

እሺ፣ ወደ ሴትዮዋ። ጠገራሽ የማሪያ ቴሬዛ ነው፣ ማርትሬዛ የምንለው። 1780 የሚለውን አይተሽ ‹ሁለት መቶ ምናምን ዓመቱ ነው› ብለሽ ገምተሽ ይሆናል። ሁሉም 1780 ነው የሚለው። የኦስትሪያዋ ንግሥት በዚያ ዓመት ሞተች፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያችኑ ቁጥር ይዞ ቀጠለ። ቪየና ተመታ፣ ሚላን፣ ቬኒስ፣ ኋላ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃም ተመታ። ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲዘጋጅ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ከ1935 ጀምሮ (በፈረንጅ) ሮም ላይ አስመታው፣ እዚህ የሚረጨውን ገንዘብ በእኛው በለመድነው ፊት ማለት ነው። ስለዚህ የአንቺው የ1780 የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርሽም። ባለሙያዎች የሚለዩት በጣም በደቃቅ ነገር ነው፣ በንስሩ ክንፍ ላባ፣ በፊደሎቹ ቅርጽ፣ በነጥቦቹ ቦታ፣ እና እሱን በፎቶ ልጨርስልሽ አልችልም።

ጅማ ውስጥ ይህ ብር ለምን እንደሚበዛ ታውቂያለሽ። ሄርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ገበያ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በዚያ ያልፍ ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር፣ እሱንም አለመናገር አይሆንም። ትልቁ ሒሳብ በጠገራ፣ ትንሹ በአሞሌ ጨው ነው የሚዘጋው። አንዳንዴ አንድ ጠገራ እጄ ላይ ሳደርግ በምን ተለውጦ መጣ ብዬ ማሰብ አልፈልግም።

ሁኔታውን ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እሱ ያምራል። በአምስተኛው ፎቶ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ክር ክሩ ይለያል። የትከሻዋ ጨርቅ እጥፋቱ አለ። ትከሻዋ ላይ ያለው ክብ ጌጥ ዙሪያውን ዕንቁ አለው፣ ዘጠኝ መሆን አለበት፣ የድሮ ሰዎች እሱን ይቆጥሩ ነበር ይባላል። እኔ ፎቶው ላይ ስምንት ቆጥሬ አንዱ ጥላ ውስጥ ገብቶብኛል። አንቺ ቁጠሪው። ከሥሯ ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ፣ ጉንዝቡርግ የሚባል የጀርመን አገር ማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ነው፣ እነሱ ከሞቱ በኋላም ፊደላቸው እስከ ዛሬ ይመታል። ንስሩ ደረት ላይ ያለው ጋሻ ብቻ ትንሽ ለጥ ብሏል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ ለጥ ያለ ሁሉ የተበላ አይደለም። አንዳንዱ ሲመታ ግፊቱ ሳይደርሰው ቀርቶ ከመጀመሪያውም አልወጣም። እንዴት ትለያለሽ? ብርሃኑን አዘንብዪው። የተበላ ቦታ ቀለሙ ከዙሪያው ይለያል፣ ይደበዝዛል፣ ሙት ይሆናል። ያልታተመ ቦታ ግን ከጥቁረቱ ሥር እንኳ ያው የዙሪያው ብልጭታ አለበት። የአንቺው የሁለተኛው ይመስለኛል፣ በእጅሽ አይተሽ ጻፊልኝ።

ጥቁረቱስ? ጥቁረቱ ከአየር የመጣ ነው፣ ድኝ ያለበት አየር ብርን ያጠቁራል፣ ዝግ ሣጥን ውስጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቆይ ደግሞ ቀስ እያለ እኩል ይለብሰዋል። ጠርዙ አካባቢ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር ካለ እሱን የሚወድ ሰብሳቢ ሞልቷል። ይህ ቀለም ሌላም ጥቅም አለው፣ ማንም እንዳላሸው ይመሰክርልሻል። ወንድምሽ ካጸዳው ጥቁረቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ከላይ ያለው የብሩ ገጽ አብሮ ይሄዳል። የጥርስ ሳሙናም አይሆንም። ቤኪንግ ፓውደርም አይሆንም። አልሙኒየም ፎይል ምናምን የሚለውን ቪዲዮም አይቼዋለሁ፣ አይሆንም። አፈር ከያዘው ብቻ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ፣ ሳታሺ፣ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረግሽ አድርቂ። አለቀ።

እውነተኛ ብር ይሁን አይሁን ለማወቅ ማግኔት አስጠጊለት፣ ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ገና አልጨረስሽም፣ ነሐስም እርሳስም አይሳቡም። ከታወቀ ወርቅ ቤት ወይም ከጓደኛሽ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ተዋሺ። ጠገራው ወደ 28 ግራም መሆን አለበት፣ ሲበላ ትንሽ ይቀንሳል። አሁን ሚዛኑ ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጪና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሺው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለሽ ውሃው ውስጥ አስገቢው፣ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። እጅሽን አታንቀጥቅጪ። ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከ3 በላይ ካለ ነሐስ ወይም ሌላ ቀላል ብረት ነው፣ ወደ 2.5 ከወረደ እርሳስ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ምኒልኩም ብዙ አይርቅም። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሳደርገው የመጀመሪያው ቀን ክሩ ውፍረቱ ብቻ አሳስቶኝ ነበር፣ የስፌት ክር ይበቃል።

አሮጌ ነጋዴዎች ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ይሰሙ ነበር። አንቺ እንዳትሞክሪው። ጠርዙ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ብትተርፍብሽ ለዘለዓለም አብራሽ ትኖራለች።

ስለ ሃያ አምስቱ ሳንቲም ስጽፍልሽ ሳቄ መጣ። ማንም በመቀስ አልቆረጠውም። መንግሥት ነው እንደዚያ ያደረገው። በ፲፱፻፴፮ የወጣው የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፣ መዳብ፣ መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር አንድ። ብልጦች ታዲያ መዳቡን ብር ቀብተው በሃምሳ ዋጋ ገበያ ላይ ያወጡት ጀመር። መፍትሔው ጠርዙን አበባ ማድረግ ሆነ፣ በጨለማም በእጅ ዳሰሳ እንዲለይ። ስለዚህ ደረጃ ስትሰጪ ሁሌም ‹ይሄ ከማተሚያ ቤት ነው የመጣው ወይስ በኋላ የደረሰበት?› ብለሽ ጠይቂ። የአበባው ጠርዝ ከማተሚያ ነው፣ ጉድለት አይደለም። የምኒልኩ ብየዳ ግን በኋላ የመጣ ነው። በነገራችን ላይ ክብ የሆነ ሃያ አምስት ሳንቲም አንድ ቀን ካገኘሽ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ነጭ ቅሪት ካለበት፣ አትጥረጊው፣ የአጭበርባሪው እጅ ነው የቀረው፣ እኔ ጥሩ ዋጋ እሰጥሻለሁ።

የአንቺው ሃያ አምስት በደንብ ዞሯል። የጃንሆይ ጆሮና ጺም ጠፍቷል፣ ፋይን ብዬ እተወዋለሁ። መዳቡ ግን የሚያምር ቡናማ ሆኗል። አንድ ቦታ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ነገር ይታየኛል፣ እሱ እየበላው ነው፣ ለብቻው አስቀምጪው፣ ከሌሎቹ ጋር አይንካካ።

ነጋዴው ‹በሚዛን› ሲልሽ ሌባ ነው ብለሽ አትዪ። ለጠገራው ያለው ነገር ያን ያህል ከእውነት የራቀ አይደለም። ይህ ብር በመቶ ሚሊዮኖች ነው የተመታው፣ ዘግይተው የተመቱት በአብዛኛው ከብሩ ዋጋ ብዙ አይርቁም፣ በአንዱ ጠገራ ውስጥ ወደ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር አለ፣ እሱን በዕለቱ ዋጋ አባዢውና ከዚያ በታች ለማንም አትስጪ። ጥቁረቱ አምሮ፣ ፀጉሩ ቆሞ እያለ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚከፍል ሰብሳቢ ይገኛል። ለምኒልኩ ግን ‹በሚዛን› ማለት ቀልድ ነው። ታጥቦም፣ ተበይዶም ከጠገራው የበለጠ ፈላጊ አለው፣ ምክንያቱም ከጠገራው አንጻር በጣም ጥቂት ነው የተመታው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፣ ደረጃው ከፍ ያለው ሁሉ ውድ ይመስለዋል። ጤነኛው ጠገራ ከተጎዳው ምኒልክ ሊረክስ ይችላል። ሃያ አምስቱን ደግሞ በሚዛን ብትሸጪ ለአንድ ሲኒ ቡና አትበቃም፣ እሱን ልጆቹ ይያዙት።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አላስጨንቅሽም። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ርጥበቱ ልብስ ያሻግታል። ሳንቲሞቹን በሚለጠጥ ላስቲክ ከረጢት አታስቀምጪ፣ አንዳንዱ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ነገር ያስወጣባቸዋል። የብር ገንዘብ ማሰሪያ ጎማም አጠገባቸው አይድረስ፣ እሱ ውስጥ ያለው ድኝ ነው የሚያጠቁራቸው፣ እኩል እንኳ አያጠቁርም፣ መስመር ይጥልባቸዋል። የአኮ ነጭ ጨርቅ ግን ደህና ነው። ጥጥ ነው ብዬ ገምቼ ነው፣ ካልሆነ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተኪው። ለየብቻቸው ቋጥሪያቸው፣ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ አድርጊያቸው።

ከወንድምሽ ጋር ደግሞ፣ እሱም ድርሻ እንዳለው አልጠፋኝም፣ ምኒልኩን አሁን ያለበት ላይ ተዉት። ‹እንግዲህ ከታሸ አይቀር› ብሎ ሌላ ነገር እንዳይቀባው። አንዳንድ ሰው የታጠበን ብር መልሶ ለማጥቆር እንቁላል ምናምን ያደርግበታል፣ ያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ ከሩቅ ያስታውቃል። ዝም ብሎ ይቀመጥ። በዓመታት ውስጥ ራሱ ትንሽ ቀለም ይመልሳል፣ ጭረቱ ግን አይጠፋም።

እስከዚያው ግን የጠገራውን ጠርዝ ፎቶ ላኪልኝ፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን፣ እያዞርሽ አራት ጊዜ። ጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የወጡ ፊደሎች መኖር አለባቸው፣ በላቲን ‹ፍትሕና ርኅራኄ› የሚል ነው። ፊደሎቹ ጥርት ካሉ 40 እሰጠዋለሁ። ሳሙና የነካው ነገር ይመስል ሟሙተው ከታዩኝ፣ ወይ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ካለ፣ በሻጋታ የተቀዳ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ያወራነውን ሁሉ እንደ አዲስ እንጀምራለን። መስኮት አጠገብ አንሺው፣ በፍላሽ አይሁን።